ነፍጥ ሲከሽፍ፦ የማቀጣጠያ ቆብ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ አካባቢ ከአያት የተወረሰና በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነፍጥ ይዞ «ለምን አይተኩስም?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ነፍጥ የሚተኮሰው መዶሻው ጡት በምትመስል ባለቀዳዳ ብረት ላይ የተደፋችውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ሲመታት ነው። በቆቧ ውስጥ ያለው ስስ ፈንጂ ይነድና እሳቱ በጡቷ ቀዳዳ በኩል ወደ ባሩዱ ይወርዳል። በምት የማቀጣጠልን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1807 በስሙ ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ሲሆን፣ ለዚህ ያነሣሣው በዘመኑ ነፍጥ ላይ እሳት የሚያወጣው የባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚያድናቸውን ወፎች ቀድሞ ማስደንገጡ ነበር። በኋላ የመጣችው የመዳብ ቆብ ከባልጩት ይልቅ ዝናብ ትችላለች፤ ያም ሆኖ የእንጦጦ ተራራ ክረምት የሚያሳድረው ጉም ለእርሷም ፈተና ነው።

ከማንኛውም ምርመራ በፊት

ለዓመታት ያልተተኮሰ ነፍጥ ባዶ ነው ብሎ ማመን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ጥቁር ባሩድ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ከብዙ ዘመን በኋላም ይነድዳል፤ አያት አጉርሶት የሞተ ነፍጥ የልጅ ልጁን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጡቷ ላይ ቆብ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ቀጥሎም ራስዎን ከአፈሙዙ አርቀው መጠቅጠቂያውን ዘንግ በቀስታ ወደ ውስጥ ያስገቡና በአፈሙዙ ልክ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ አውጥተው ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክለው በነፍጡ ብረት ውጭ ጎን ያስተኙት። የዘንጉ ጫፍ እስከ ጡቷ ሥር ካልደረሰና ጥቂት ጣቶች ያህል ከቀረው በውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የጎረሰ ከሆነ በምስማር ለመቆፈር ወይም ብረቱን በእሳት ለማሞቅ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡ። ነፍጡን ለመያዝም ሆነ ለመተኮስ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ሊኖርዎት እንደሚገባ ደግሞ አይዘንጉ።

ቆቧ ጮኸች፣ ባሩዱ ግን ዝም አለ

በብዛት የሚቀርብልኝ አቤቱታ ይህ ነው፤ ሰውም ወዲያው ቆቧን ይወቅሳል። ቆቧ ግን ሥራዋን ጨርሳለች፤ ጥፋቱ ያለው እሳቱ በሚያልፍበት መንገድ ነው። ቀዳዳው በዘይት፣ በዝገት ወይም በቀድሞ ተኩስ ጥላሸት ተደፍኗል፤ አለዚያም ባሩዱ ረጥቧል።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው። አፈሙዙ ሰውና ከብት ወደሌለበት እንደተቃና ቢያንስ 1 ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ፤ እኔ 2 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዓመታት በፊት አጎቴ «ከሸፈ» ብሎ ነፍጡን ሊያወርድ ሲል እጁን ይዤ አስቆምኩት፤ ጥቂት ቆይቶ በእጁ ላይ እንዳለ ተተኮሰ። በውስጥ ቀስ ብሎ የሚጨስ ባሩድ ስለነበረ ነው። ከጠበቁ በኋላ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠርገው አዲስ ቆብ ያድርጉ። ሁለተኛም ከከሸፈ ባሩዱን በጡቷ በኩል በውሃ አርሰው ለባለሙያ ይስጡት።

ለቀጣዩ ጊዜ መከላከያው ቀላል ነው። ከማጉረስዎ በፊት ዘይቱን በጨርቅ ያድርቁ። ከዚያም ባዶውን ነፍጥ አፈሙዙን ከመሬት ላይ ካለ ቅጠል አጠገብ አድርገው አንድ ቆብ ያፈንዱ። ቅጠሉ ከተንቀሳቀሰ መንገዱ ክፍት ነው።

ቆቧ በሁለተኛው ምት ብቻ ስትፈነዳ

ቆቧ እስከ ጡቷ ሥር አልገባችም። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የሚጨርሰው እርሷን ወደ ታች በመግፋት ነው፣ የሚያፈነዳት ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የልክ አለመስማማት ነው፤ ቁጥር 10 እና ቁጥር 11 የሚባሉት ቆቦች በዐይን ቢመሳሰሉም አንዱ የሌላውን ቦታ በሚገባ አይሞላም። የጡቷ አናት በመዶሻው ምት ብዛት ተጠፍጥፎ ከሆነም ቆቧ አትወርድም፤ ይህ ጡቷን በመለወጥ ይስተካከላል። ቆቧን ለመግፋት አውራ ጣትን ወይም መዶሻውን ሳይሆን እንጨት ይጠቀሙ።

የቆብ ስብርባሪ ወደ ተኳሹ ፊት ሲፈናጠር፣ መዶሻውም ሲነሣ

የጡቷ ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቷል። ጤነኛ ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ሲሰፋ ግን የባሩዱ ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጡቷ ሳትለወጥ አይተኩሱ፤ መነጽርም ሁልጊዜ ያድርጉ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታይ ዝገት

የቆብና የባሩድ ቅሪት እርጥበት የሚስብ ጨው አለበት፤ በተለይ የጥንት ቆቦች። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም፤ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ጨዉን ከብረቱ ጋር ዘግቶበታል። ስለዚህ በተተኮሰበት ዕለት ጡቷን አውጥተው ሁሉንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። በእኛ ከፍታ ውሃ ከ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሳይሞቅ ቢፈላም ለዚህ ሥራ ይበቃል። በሚገባ ካደረቁ በኋላ ብቻ ዘይት ይቀቡ።

ቆቦቹ አረንጓዴ ሲያወጡ

የጥንት ቆቦች በሜርኩሪ ውሕድ የተሞሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲያረጁ አንዳንዶቹ ይደክማሉ፣ ሁሉም ግን ምትና ሙቀት የሚፈሩ ናቸው። በረጠቡ ጊዜ ምድጃ ዳር ማስጣት ወይም ዝገቱን በቢላ መፋቅ ጣትና ዐይን ያሳጣል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ አይያዙ፤ ጤነኞቹም ቢሆኑ በራሳቸው ሣጥን፣ ከባሩዱ ተለይተው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ይቀመጡ። አረንጓዴ ያወጡትን ግን ሳይነኩ ባሉበት ትተው ለአካባቢው ፖሊስ ያሳውቁ።