ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ሲጠወልጉ ምክንያቱን እንዴት እንለይ

የጠወለገ ተክል ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ውኃ ማጠጣትን ነው። ሥሩ በውኃ ብዛት ታፍኖ ለጠወለገ ተክል ግን ተጨማሪ ውኃ ሞቱን ያፋጥንበታል፤ በበሽታ ለጠወለገውም በቦይ የሚለቀቀው ውኃ በሽታውን ከታመመው ወደ ጤነኛው ያዛምታል። ስለዚህ ቦይ ከመክፈት በፊት ሰዓቱን፣ አፈሩንና ግንዱን በዚሁ ቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

በቆቦና በአካባቢው ሞቃታማ ሜዳ በመስኖ የሚለማ ቲማቲም ወይም ቃሪያ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ቢጥል፣ ከቅጠሉ የሚተነው ውኃ ሥሩ ከሚስበው ስለበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልሶ ከቀና አያሰጋም። ሌሊቱን አርፎ ማለዳም ጠውልጎ ከተገኘ ግን ችግር አለ ማለት ነውና፣ ማሳውን ለመመርመር የሚሻለው ሰዓት ፀሐይ ሳይበረታ ነው።

ቀጥሎ ከተክሉ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ አፈሩን በእጅ መጨበጥ ነው። ደርቆ ከተፈረፈረ ተክሉ ውኃ ጠምቶታል፤ ከላይ ከላይ ደጋግሞ ከማርከፍከፍ ይልቅ ውኃው ወደ ታች እስኪዘልቅ አጠጥቶ መደቡን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን ይሻላል። አፈሩ ረጥቦ ከተጣበቀ፣ በተለይ በክረምት ውኃ በሚቋጥር የዋልካ መሬት ላይ፣ ሥሩ አየር አጥቷልና ማጠጣቱን አቁሞ ማንጣፈፊያ ቦይ ማውጣት፣ ለሚቀጥለው ተከላም መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ችግኝ በአንድ ሌሊት ከአፈር ጋር ትክክል ተቆርጦ ከወደቀ ደግሞ አጠገቡ ያለውን አፈር ጫር ጫር ቢያደርጉት ብዙውን ጊዜ ቆራጭ ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ለቅሞ መግደል ነው።

አፈሩ መጠነኛ እርጥበት እያለው ተክሉ ከጠወለገ ወደ ግንዱ መሄድ ግድ ይላል፤ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚጠወልገው ተክል የባክቴሪያ አጠውልግ በሚባለው፣ በባክቴሪያ በሚመጣ በሽታ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብሎ በቢላ መቁረጥና የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያንቀሳቅሱ አንጠልጥሎ መያዝ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ከግንዱ ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። ክሩ ሳይታይ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ፣ አንዳንዴም በአንድ ወገን ብቻ፣ ቢጫ እየሆነ ከሄደና ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን በአፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆየው የፉዛሪየም ፈንገስ ይጠረጠራል።

የባክቴሪያ አጠውልግ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ገበሬ ያለችውን ገንዘብ ለፀረ ፈንገስ ርጭት ማውጣቱ በእጅጉ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው። የታመመውን ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅሎ ከማሳው ማራቅ፣ የመስኖ ውኃ በዚያ በኩል እንዳያልፍ ማድረግ፣ ማሳውንም ለተከታታይ ዓመታት በጤፍ፣ በስንዴ ወይም በማሽላ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። በድንች ፋንታ ቲማቲም መትከል ግን ማፈራረቅ አይባልም፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸውና። የዚሁ ቤተሰብ አረም የሆነው እምቧይም መነቀል አለበት።

በድንች በኩል ዋናው ጉዳይ ዘሩ ነው። በወሎ ደጋ ቅዝቃዜ ውስጥ ጤነኛ መስሎ የበቀለ ድንች ባክቴሪያውን በውስጡ ይዞ ሊቆይና ወደ ሞቃታማው ወይና ደጋ ወርዶ ሲተከል ሊጠወልግ ስለሚችል፣ መልኩን ብቻ አይቶ ከገበያ ዘር መግዛት አያስተማምንም። ምንጩ የታወቀ ዘር መያዝ፣ ድንቹን ሳይቆርጡ ሙሉውን መትከል፣ መቁረጥ ግድ ከሆነም ቢላውን በየመሐሉ በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ይገባል። ምርመራው ካላረካ አንድ የጠወለገ ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፣ በፌስታል አስሮ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማድረስ ነው።