ከቋንቋ ተነስተን ዘር ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ሥር፣ አንድ የሸማኔ ግቢ ጎራ ይበሉና ያዳምጡ። አባትየው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው መወርወሪያውን እያመላለሱ በጋሞኛ ይጠይቃሉ። ማግ የምታጠነጥነው ሴት ልጃቸው በአማርኛ ትመልሳለች። እሷ ስትወልድ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው አማርኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዘር ሐረጉ ግን ያው የጋሞ ደጋ ነው። ይህን እየረሳን ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ብዙ እንሳሳታለን።

«ሴማዊ ቋንቋ ስለምንናገር ደማችን የባሕር ማዶ ነው።» ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ሴማዊና ኩሻዊ የቋንቋ ቤተሰብ ስሞች እንጂ የደም ዓይነቶች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው መለያ) ጥናት ሴማዊ ተናጋሪ የሆኑት አማሮችና የትግራይ ሰዎች ኩሻዊ ከሚናገሩት ኦሮሞዎች ጋር በጣም እንደሚቀራረቡ አሳይቷል። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ የገባው የዘር ድርሻም በሦስቱም ውስጥ አለ።

«ቋንቋው ከጠፋ ሕዝቡም ጠፍቷል።» ጋፋትኛን ዛሬ የሚናገር የለም። የተናጋሪዎቹ ልጆች ግን አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ቀጠሉ። ሀንጋሪም ውስጥ የቀድሞው ነዋሪ ቋንቋው ቢቀየርም አልጠፋም። የዛሬውን የሀንጋሪ ቋንቋ ያመጡት ማጃሮች በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቋንቋቸውን ይዘው ከምሥራቅ ገቡ፤ የዛሬው ሀንጋሪያዊ ዘረመል ግን በአብዛኛው የጎረቤቶቹን ይመስላል።

«ዘረመላቸው ከተለየ መጤዎች ናቸው።» እዚህ ላይ ቆም እንበል። በደቡብ ኦሞ፣ አሪዎች ዘንድ፣ ብረት ቀጥቃጩም አራሹም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው። ዘረመላቸው ሲታይ ግን ይራራቃል። ቀጥቃጮቹ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል መላምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን መነሻቸው አንድ መሆኑን አሳየ። ያራራቃቸው መገለሉ ነው። ማንም አላጋባቸው ስላለ እርስ በርስ ብቻ ተጋቡ። በጥቂት ቤተሰብ ውስጥ ብቻ የሚዞር ዘረመል ደግሞ ቶሎ የራሱን መልክ ይይዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ሰውን ራሳችን ገፍተን፣ መግፋታችን የፈጠረውን ልዩነት «ድሮም ከኛ አይደሉም» ለማለት እንጠቀምበታለን። ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን የኖርን ሰዎች ይህን ደጋግመን ማሰብ አለብን።

«የአባቴ መስመር ከዚያ ስለሆነ እኔም ከዚያ ነኝ።» የአባት መስመር የሚታይበት የዘረመል ክፍል፣ ዋይ ክሮሞዞም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይሄዳል። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጥሩ 1,024 የአያት ቦታ አለ፤ ይህ መስመር የሚነግርዎ ስለ አንዱ ብቻ ነው።

«ጥናት ብሎታል፣ አለቀ።» ጋሞ ደጋ ውስጥ፣ ሞታ ዋሻ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አጽም ተገኝቶ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ባይራ ብለውታል። ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ግን ከአጥንቱ ማወቅ አይቻልም። ጥናቱ የዩሬዥያ (የአውሮፓና የእስያ) ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ብሎም ነበር። በኮምፒውተር ሥራው ላይ ስህተት ተገኘና አጥኚዎቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረሙት፤ ያ ድርሻ በምሥራቅ አፍሪካ ጎልቶ ቢታይም ወደ ምዕራቡና ወደ መካከለኛው ክፍል የተባለውን ያህል አልዘለቀም።