የከሰለ ጤፍ መለየት ላስቸገራችሁ

የአካባቢ አርኪዮሎጂ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ላይ ያላችሁ፣ ከቁፋሮ አፈር በውኃ አንሳፍፋችሁ ያወጣችሁትን የከሰለ ዘር ከፎቶ ጋር እያስተያያችሁ ዓይናችሁን አታድክሙ። አብዛኛው ፎቶ ያልከሰለ ዘር ነው፤ እሳት ያየው ግን ይኮማተራል ወይም ያብጣል፣ ቅርፊቱም ይላጣል።

ከገበያ ነጭና ቀይ ጤፍ፣ ዳጉሳና ገብስ ግዙ። ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ በፎይል ጠቅልላችሁ ደረቅ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ቅበሩና ኦቭን ውስጥ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ሰዓት ተዉት። አሸዋው አየር ስለሚከለክል ዘሩ አመድ መሆኑ ቀርቶ ከሰል ይሆናል። ጥንት ምድጃ ውስጥ ረመጥ ሥር የተቀበረውም የቆየልን በዚሁ መንገድ ነው። ሌላ ዙር በ300 ሞክሩና ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን እዩ፤ እኔን ከየትኛውም ሌክቸር በላይ ያስተማረኝ ይኼ ነው።

የጤፍን የዱር ዘመዶችም ከማሳ ዳር ልቀሙ፤ ጤፍ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በመጠን ብቻ ከእነሱ መለየት ከባድ ነው። (ወንፊታችሁ 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ጤፉ ከነጭራሹ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ 0.25 ያዙ።) ኑግና ሰሊጥ ቅባታም ስለሆኑ ለብቻቸው ይከሰሉ።

ይህን ሁሉ ግን በካርቦን 14 ዕድሜያቸው የሚለካ ናሙናዎች ባሉበት ክፍል እንዳትሠሩ። የዘንድሮ ጤፍ አንዴ ከስሎ ከተቀላቀለ በዓይን ለይቶ የሚያወጣው የለም።