ወሎ ላይ ቢራቢሮና የእሳት እራት ማጥናት ለምትፈልጉ፡ ከሎሚው ዛፍ ጀምሩ

የባዮሎጂ ተማሪዎችም፣ እንዲሁ ነፍሳት ምትወዱም ሁሌ ምትጠይቁት "ምን እቃ ያስፈልጋል?" ነው። እኔ ምላችሁ መረቡን ለጊዜው እርሱትና መጀመሪያ ቅጠል እወቁ። ሚበረውን ስታሳድዱ ብትውሉ ምታገኙት የክንፍ ፎቶ ነው፣ ትሉ ምን እንደሚበላ ካወቃችሁ ግን የት እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚፈለፈል፣ ለምን ከአንድ ሰፈር እንደጠፋ ጭምር መከታተል ትችላላችሁ።

ቀላሉ ሎሚና ብርቱካን ነው፣ ኮምቦልቻም ሐይቅም ሰው ግቢ ውስጥ አይጠፋም። ለጋውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ እያረጋችሁ እዩ፣ የስፒል ጭንቅላት ምታክል ፈዛዛ ቢጫ እንቁላል ለብቻዋ ተለጥፋ ታገኛላችሁ። ከሷ ሚወጣው ትል ትንሽ እያለ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ስለሆነ የወፍ ኩስ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ፣ ወፎቹም እንደዛው ይሸወዳሉ። ቆዳውን እየቀየረ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያኔ በስንጥር ነካ አርጉት፣ ከጭንቅላቱ ኋላ መንታ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ሽታውን ይለቅባችኋል። ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ሚባለው ትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ እሱ ነው።

ለማሳደግ ሃይላንድ ቆርጣችሁ አፉን በሻሽ እሰሩት፣ ውስጡ ቅርንጫፍ በትንሽ ውሃ እቃ አቁሙና የእቃውን አፍ በጥጥ ድፈኑት፣ አለበለዚያ ትሉ ገብቶ ይሰምጣል። ለመሸፈኛ አጎበር እንዳትጠቀሙ በተለይ ከጤና ጣቢያ ሚታደለውን፣ ፀረ ነፍሳት የተነከረበት ስለሆነ ትሉን ይጨርሰዋል። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል፣ በየቀኑ ኩሱን መጥረግ፣ በቃ። መቼ ተፈለፈለ፣ መቼ ቆዳ ቀየረ፣ መቼ ሙሽሬ ሆነ (ትሉ መብላት አቁሞ ተሸፍኖ ወደ ቢራቢሮ ሚለወጥበት ደረጃ ነው)፣ መቼ ወጣ፣ ሁሉንም ከነሙቀቱ ጻፉ፣ ደሴ ብርድ ላይ ከኮምቦልቻው ይዘገያል። አንዳንዴ ደሞ ቢራቢሮ ስትጠብቁ ትንንሽ ተርብ ወይ ዝንብ ይወጣል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ትሉን ከውስጥ ሚበላው ጥገኛ ነፍሳት ነው፣ ለኔ እንደውም ከቢራቢሮው በላይ ሚያጓጓው እሱ ነው።

የሰው ግቢ ስትገቡ ግን አስፈቅዱ። እማማ "ተምች ልታረቡብን ነው እንዴ?" ካሉ አትሳቁ፣ የአሜሪካ ተምች በቆሎ ስንቱን ነው የጨረሰው፣ እሱም የእሳት እራት ልጅ ነው። ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

ወደ ባቲና ከሚሴ ስትወርዱ ደሞ ጦቢያ ሚባለው ወተታም ቁጥቋጦ አለላችሁ፣ ወተቱ አይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ዳናውስ ክሪሲፐስ የሚባለው ቢራቢሮ ትል ቅጠሉን በልቶ መርዙን ሰውነቱ ውስጥ ያስቀራል፣ ስለዚህ ቢራቢሮውን ወፍ አይደፍረውም። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሚባለው የሌላ ዝርያ ሴቷ ደሞ መርዝ ሳይኖራት ቁርጥ እሱን መስላ ትዞራለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው። የኋላ ክንፉን እዩ፣ መሀሉ ላይ ሦስት ወይ አራት ጥቁር ነጥብ ካለ ዳናውስ ነው፣ ጠርዙ ጋ አንድ ብቻ ከሆነ አስመሳይዋ ናት።

ቆጠራ ለምትፈልጉ፣ እንግሊዝ አገር ከ1976 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሚሰራበት የፖላርድ ዘዴ አለ፣ አንድ ቋሚ መንገድ መርጣችሁ በዝግታ እየሄዳችሁ በግራም በቀኝም 2.5 ሜትር፣ ከፊት 5 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ መቁጠር ነው። ፀሐይ ያለበት፣ ንፋስ የሌለበት ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ። ወሎ ለዚህ የተመቸ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ሐረጎን ስትወርዱ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ በታክሲ አንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል፣ ከፍታ ሲቀየር ዝርያው አብሮ ይቀየራላ። መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ነው፣ በልግ የዘነበበት አካባቢ ደሞ ሚያዝያንም ሞክሩት።

ብዝሃነት ሲባል የዝርያ ቁጥር ብቻ አይምሰላችሁ። ሁለት ቦታ እያንዳንዱ 10 ዝርያ፣ 100 ቢራቢሮ ቆጠራችሁ እንበል። አንዱ ጋ ከሁሉም አስር አስር ካለ የሻነን ኢንዴክሱ (የዝርያውን ብዛትና ምን ያህል እኩል እንደተከፋፈለ አንድ ላይ ሚለካ ቁጥር ነው) 2.3 ይመጣል፣ ሌላው ጋ 91ዱ አንድ ዝርያ ሆኖ ቀሪዎቹ አንዳንድ ከሆኑ ግን 0.5 ብቻ ነው።

የእሳት እራቶቹን ግን ለምን እንደምንዘላቸው አይገባኝም። ስም ከተሰጣቸው ወደ 160,000 ከሚጠጉ የዚህ ወገን ዝርያዎች ቢራቢሮ 18,000 አካባቢ ነው፣ ሌላው በሙሉ እነሱ ናቸው። ጨረቃ በሌለበት ማታ ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ መብራት አብሩበት፣ አልትራቫዮሌት ከተገኘ በጣም ይስባል፣ ካልተገኘ ደሞ ሌሊቱን መብራት ሚያድርበት ነዳጅ ማደያ ሄዳችሁ ንጋት ላይ ወፎቹ ሳይቀድሟችሁ ግድግዳውን እዩ። አንቴናው ጫፍ ላይ እብጠት ከሌለውና እንደ ክር ወይ እንደ ላባ ከሆነ የእሳት እራት ነው፣ ቀን ስለበረ ቢራቢሮ ነው ማለት አይደለም። ፀጉራም አባጨጓሬን በእጃችሁ አትንኩ፣ ያሳክካል።

ፎቶ ስታነሱ የክንፉን ላዩንም ታቹንም አንሱ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ እና ያረፈበትን ተክል ጻፉ፣ አይናቹራሊስት ሚባለው የእንስሳትና የዕፅዋት ፎቶ ሚጫንበት ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ሚያውቁ ሰዎች ያግዛሉ። ከትንንሾቹ የእሳት እራቶች ብዙዎቹን ግን በፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም፣ ናሙና ያስፈልጋል፣ ለዲኤንኤ አንድ እግር ይበቃል። የደንቆሮ ደን ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከዛ ለመሰብሰብ አስቀድማችሁ ፈቃድ ያዙ፣ ናሙና ውጭ አገር ለመላክ ካሰባችሁ ደሞ እግርም ብትሆን ከመላካችሁ በፊት ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን አስፈቅዱ።