ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ተጫዋች ዝላይ በስልክ እንዴት መለካት ይቻላል?

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ተጫዋቾች እግር ኳስ ሰባት ለሰባት ነው የሚጫወቱት። ሜዳው 70 በ50 ሜትር ነው፤ ኦፍሳይድ የለም። ጨዋታው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1984 እስከ 2016 በፓራሊምፒክ ውስጥ ነበር፤ በሪዮ ዩክሬን ኢራንን አሸንፋ ወርቁን ወስዳለች። እንዲህ ባለ ጠባብ ሜዳ ላይ ከቆመበት ፈጥኖ የሚነሳ ተጫዋች ትልቅ ሀብት ነው። ይህን የእግር ኃይል ለማየት ቀላሉ መንገድ ዝላይን መለካት ነው። ስልክ፣ ሜትርና ጠመኔ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ሴሬብራል ፓልሲ ላይ አንጎል ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ይዛባል። ብዙዎቹ ላይ ጡንቻው በፍጥነት ሲሳብ ይገተራል። ለመዝለል ሸብረክ ስንል ደግሞ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የጭንና የባት ጡንቻን በፍጥነት እንስባለን። ስለዚህ ተጫዋቹ ብዙ ሸብረክ ካላለ ሰንፎ አይደለም። "በደንብ ዝቅ በል እንጂ!" ብላችሁ አትጩኹበት። ለሰውነቱ የሚመቸውን ያህል ይውረድ።

ዝግጅት

ሰውነቱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሟሙቅ። ብርድ ግትርነቱን ስለሚያብስ ይህን ደረጃ በጭራሽ አትዝለሉት። መሬቱ ደረቅና የማያንሸራትት ይሁን። ሚዛን የሚያስቸግረው ከሆነ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ግን አይንካው። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ የሚያደርግ ከሆነ አድርጎ ወይም አውልቆ መዝለሉን ጻፉ። የጡንቻ ማላያ መርፌ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ቀኑን መዝግቡ፤ ውጤቱን ይለውጣል።

ወደ ላይ መዝለል

ስልኩን ከተጫዋቹ ፊት ለፊት መሬት አጠገብ አስቀምጡ፤ ሁለቱም እግሮች ይታዩ። በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀርጸው ስሎሞሽን ቅረጹ። በተለመደው 30 ፍሬም አንዲት ፍሬም መሳት ውጤቱን 3 ሳንቲሜትር ያህል ያዛባል፤ በ240 ግን ከግማሽ ሳንቲሜትር አይበልጥም።

እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይዝለል። አንድ እጁ ወገቡ ላይ አልቀመጥ ካለ በሚመቸው ቦታ ይያዘው፤ ዋናው ነገር በየሙከራው ያው መሆኑ ነው። ሦስት ጊዜ ይዝለል፣ በመሃል ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ።

አሁን ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያያችሁ ቁጠሩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ እግሮች እኩል አይነሱም፣ እኩልም አያርፉም። የመጨረሻው እግር መሬት ከለቀቀበት የመጀመሪያው እግር እስከነካበት ድረስ ቁጠሩ። የፍሬሙን ቁጥር ለ240 አካፍሉት፤ አየር ላይ የቆየበትን ሰከንድ ታገኛላችሁ። ያንን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ122.6 አባዙት። ለምሳሌ 96 ፍሬም 0.4 ሰከንድ ነው፤ ዝላዩ 19.6 ሳንቲሜትር ይሆናል። አየር ላይ እያለ ጉልበቱን ካጠፈ ጊዜው በውሸት ይረዝማል፤ ያንን ሙከራ ሰርዙት።

በአንድ እግር

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። በግራ ወይም በቀኝ ጎኑ ብቻ የተጎዳ ተጫዋች በሁለት እግሩ ሲዘል ጤነኛው እግር ሥራውን ይሸፍንለታል። ቁጥሩ ያምራል፣ ችግሩ ግን ተደብቋል። ሜዳ ላይ ሲሮጥና ሲዞር ደግሞ ክብደቱ በየተራ በአንድ እግሩ ላይ ነው የሚወድቀው።

መስመር አስምሩ። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚጫወት ልጅ በአንድ እግሩ ሦስት ጊዜ እንጣጥ ይበልና በመጨረሻው ላይ ሁለት ሰከንድ ይቁም። ከመስመሩ እስከ ተረከዙ ለኩ። ከዚያ በሌላው እግር ድገሙት። ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፣ ለትልቁ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። አንዱ እግር 5 ሜትር፣ ሌላው 4 ሜትር ቢሄድ ልዩነቱ 20 በመቶ ነው።

ሁለት ሰከንዱን መቆም ያቃተው እንደሆነ ርቀቱን ብቻ አትጻፉ፣ መውደቁንም ጻፉ። አንዳንዱ ተጫዋች ኃይል ሳይሆን ሚዛን ነው የሚያንሰው፤ ልምምዱም ይለያል። ሁለቱም እግሮቹ ክፉኛ የተገተሩበት ተጫዋች በአንድ እግር ጭራሽ ላይሆንለት ይችላል። አታስገድዱት፤ በሁለት እግር ወደፊት ይዝለልና ያ ይለካ።

ውጤቱን ስታነቡ

ጉዳት ከሌለበት ተጫዋች ጋር አታወዳድሩ። ከቡድን ጓደኛውም ጋር ቢሆን ተጠንቀቁ። በዚህ ስፖርት ተጫዋቾች ኤፍቲ1፣ ኤፍቲ2 እና ኤፍቲ3 ተብለው በጉዳታቸው መጠን ይመደባሉ፤ ኤፍቲ1 በጣም የከበደው ነው። ምደባውን የሚሰጡት የሠለጠኑ መዳቢዎች ናቸው፤ በስልክ የለካችሁት ቁጥር ያንን አይተካም። ተጫዋቹን ከራሱ ጋር አወዳድሩት።

ከስድስት ወይም ስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው መሬት ላይ ድገሙት። ከባድ ልምምድ በነበረ ማግስት አይሁን። መጀመሪያ የምታዩት የደካማው እግር ቁጥር ይሁን። ጠንካራው እግር ብቻ አድጎ ልዩነቱ ከሰፋ፣ የልምምዱን ፕሮግራም ቀይሩት።