ትነትን ከደብተር ያወጣው ማሰሮ

የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ትነት ምንድን ነው?» ስላቸው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል። «ታዲያ ምን ይሠራበታል?» ስል ግን ጭጭ።

ችግሩን የፈታልኝ ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለው አካሄድ ነው። ባለችግሩን መስማት፣ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና ሠርቶ መሞከር። ለእኔ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ጉልት የሚሸጡ እናቶችን ሄደው ጠየቁ። «እትዬ፣ ከሁሉ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» ቲማቲሙ በሙቀት ይበላሻል፣ ፍሪጅ የለም። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የመጽሐፉ ሳይሆን የነሱ ሆነ።

ናሙናው ማሰሮ በማሰሮ ነው፤ ቲማቲሙ የሚቀመጥበት ትንሹ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይገባል። በመሃል እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ውሃው በውጭኛው ማሰሮ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። (ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል።)

የአንዱ ቡድን ማሰሮ አልቀዘቅዝ አለ። መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ለአስተማሪ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ! ቴርሞሜትር ይዘው ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ አንዲት ልጅ ደረሰችበት። ማሰሮው የተሟሸ ነበር፤ ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ባልተሟሸ ተኩት፣ ሠራ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ አሸዋው እንዳይደርቅ ውሃ ጨምሩ። ክረምት ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ትነቱ ይደክማል።