ዳይስ በቪዲዮ ኮል፦ ጨዋታው የት ይበላሻል፣ እንዴትስ ይስተካከላል

የዳይስ ጨዋታዎች ሕግ የወጣው አንድ ጠረጴዛ ከበው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ተጫዋቾቹ በየቤታቸው ሲሆኑ ሕጉ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰውም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አፕ ከማውረድ ይልቅ አንድ ሕግ መቀየር ይበቃል።

«ምን እንደወጣልህ አይታየንም»

ሁሉም ኔትዎርኩን ይረግማል፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ነው። ነጭ ዳይስ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ጨለማውን ለማካካስ ምስሉን ያደምቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ነጩ ፊት ከመጠን በላይ ይነጣና ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ግራጫ ወይም ቡናማ ጨርቅ አንጥፉ። ስልኩን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አድርጋችሁ ካሜራው ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል እንዲያይ አድርጉ።

ዳይሱ እየታየ ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ አፑ መንኳኳቱን እንደ ረብሻ ቆጥሮ እያጠፋው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ጫጫታ መቀነሻውን አጥፉት። ያለዚያ ድምፅ ጨዋታው ግማሽ ለዛውን ያጣል።

«ኩባያው ሥር ቀይረሃል!»

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ የሚነሳውም «ውሸት ዳይስ» (ላየርስ ዳይስ) በሚባለው ጨዋታ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው 5 ዳይስ ኩባያ ሥር ይደብቃል፤ ተረኛው «በሁላችን መካከል ቢያንስ ስድስት ባለ አራት አለ» ብሎ ይገምታል፤ 4 የወጣባቸው ስድስት ዳይሶች አሉ ማለቱ ነው። ቀጣዩ ወይ ግምቱን ከፍ ያደርጋል፣ ወይ «ውሸት!» ይላል። ያኔ ኩባያው ሁሉ ተነስቶ ይቆጠራል፤ የተሸነፈው አንድ ዳይስ ያጣል።

ጠረጴዛ ላይ ኩባያው የሁሉም ዓይን ስለሚያርፍበት ማንም አይነካውም። በቪዲዮ ግን የሚታየው ፊት ብቻ ነው፤ እጅ ከስክሪኑ በታች ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከፊት ወደ ኩባያ አዙሩት። ተጫዋቹ ኩባያውን በራሱ በኩል ብቻ ብድግ አድርጎ አጮልቆ ያያል፤ ከዚያ እጁን ያነሳል። ኩባያው ከምስሉ ከወጣ ያ ዙር ለእሱ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ፊትም መታየት አለበት የሚል ሰው ሁለተኛ ስልክ ያስገባ።

ሁለተኛ ስልክ ከሌለ ወረቀት ይሠራል። የወጣላችሁን አምስት ቁጥር በወፍራም ማርከር ጻፉና ግምቱ ሳይጀመር ወረቀቱን ደፍታችሁ ካሜራው ፊት ተዉት። «ፎቶ አንስቼ በኋላ እልካለሁ» የሚለውን ግን አትቀበሉ፤ መቼ እንደተነሳ ማን ያውቃል? ፎቶ የሚጠቅመው ግምቱ ሳይጀመር ለዳኛ ሲላክ ነው፤ ዳኛ ለመሆን ደግሞ ዳይሱ አልቆበት ከጨዋታ ከወጣው የተሻለ ሰው የለም።

ከመካከላችሁ ኮምፒውተር የሚወድ ካለ ሻ-256 (SHA-256) ይነሳል፤ ጽሑፍን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ፣ ማለትም ወደ ሐሽ፣ የሚቀይር ስሌት ነው። ቁጥሮቹን ወደ ሐሽ ቀይሮ ቀድሞ መላክ፣ በመጨረሻ ደግሞ ቁጥሮቹን ገልጦ ማረጋገጥ ማለት ነው። ይሠራል፤ ግን ቁጥሮቹን ብቻ ሐሽ ማድረግ ዋጋ የለውም። አምስት ዳይስ ሊወጣበት የሚችለው መንገድ 7,776 ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተር ሁሉንም በቅጽበት ሞክሮ ይደርስበታል። የማይገመት ረጅም ቃል አብሮ መግባት አለበት። በእኔ አስተያየት ለጓደኛሞች ጨዋታ ይሄ ትንሽ በዝቷል።

«ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የራሱን ነው። በክርክር አይፈታም። «ውሸት!» የማለት መብት የቀጣዩ ተረኛ ብቻ ይሁን። ማንም ይበል ካላችሁ ቻት ላይ ይጻፍ፤ አስቀድሞ በተመረጠ አንድ ሰው ስክሪን ላይ ቀድሞ የታየው ይጸድቃል።

«ምን ዓይነት ግምት ነው ይሄ?»

ምናልባት የምትጫወቱት የተለያየ ጨዋታ ነው። በአንዱ ቤት 1 ጆከር ነው፣ ማለትም እንደ ማንኛውም ቁጥር ይቆጠራል፤ በሌላው አይደለም። አምስት ሰው ሲጫወት በ25 ዳይስ መካከል ባለ አራቱ በአማካይ 4 ገደማ ነው፤ 1 ጆከር ከሆነ ግን ወደ 8 ይጠጋል። «ሰባት ባለ አራት» ለአንዱ እብደት፣ ለሌላው ፍርሃት ይመስላል። ዳይስ እየደጋገሙ ጥለው ነጥብ በሚሰበስቡበት ፋርክል ላይም ሦስት 1 አንዳንዱ ዘንድ 1,000፣ አንዳንዱ ዘንድ 300 ነው። ሳትጀምሩ ቻት ላይ ጽፋችሁ ፒን አድርጉት።

«የእሱ ዳይስ ስድስት ብቻ ነው የሚያወጣው»

60 ጊዜ ይጣልና ይቆጠር። ስድስት በአማካይ 10 ጊዜ ይወጣል፤ ከ5 እስከ 15 ቢሆን ግን የሚያስጠረጥር አይደለም። 20 ከደረሰ ዳይሱ ይቀየር።

«ዳይስ የለኝም»

ለሁሉም ግልጽ በሆነ ውርወራ ላይ ዳይስ አያስፈልግም። ሁለት ሰዎች ከ1 እስከ 6 አንድ አንድ ቁጥር ተደባብቀው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ በአንድ ጊዜ ያሳያሉ፤ ይደመራል፤ ከ6 ከበለጠ 6 ይቀነሳል። 5 እና 4 ዘጠኝ ነው፤ የወጣው 3 ሆነ ማለት ነው። አንደኛው በዘፈቀደ እስከመረጠ ድረስ ሌላው ውጤቱን ሊመራው አይችልም። ከምስጠራ ሳይንስ (ክሪፕቶግራፊ) ጋር ዝምድና አለው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ማኑኤል ብሉም በ1981 እ.ኤ.አ. ሁለት የማይተማመኑ ሰዎች በስልክ እንዴት ሳንቲም መጣል እንደሚችሉ አሳይቷል።

«አያልቅም እንዴ?»

ያትዚ የሚባለው የአምስት ዳይስ ጨዋታ ለአንድ ሰው 13 ተራ ነው። ስድስት ከሆናችሁ 78 ተራ ይሆናል፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ የጉግል ሚት ነፃ የቡድን ኮል 60 ደቂቃው ሞልቶ ይዘጋል፤ የዙም 40ማ ሩቅ አያደርስም። ያትዚ ላይ የአንዱ ውርወራ የሌላውን ስለማይነካ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ጣሉ፤ ነጥቡን አንድ የጋራ ሺት ላይ ሙሉ። ፋርክል ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ እዚያ ሰው ልድገም ወይስ ልቁም የሚለው የሌላውን ነጥብ አይቶ ነው።

ያዘነበለና የወደቀ ዳይስ

ሁለቱም ይደገማሉ። መሬት የወደቀውን «ስድስት ነበር» ብሎ የሚያነሳ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ካሜራው ያላየው አይቆጠርም።